የታጠበው ስም

ድዌይን ፐርሰል የሞተው ጫማውን አውልቆ፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጎ፣ ቴሌቪዥን እያየ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሞቴሉ አልጋ አንጣፊ በሩን ስትከፍት የተኛ መስሏት «ይቅርታ» ብላ መልሳ ዘጋችው። ቆየት ብላ ስትመለስ ግን ያው እንደተጋደመ ነው። ቴሌቪዥኑም ያው እንደበራ ነው። ያን ጊዜ ጮኸች፤ ጩኸቷም ቁርስ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ከወንበሩ አስነሳው።

እኔና ሮዛሊ ስንደርስ ኮሪደሩ በሰፋፊ ባርኔጣና በቦት ጫማ ተጨናንቋል። ሮዛሊ ከእኔ ቀድማ የአውራጃው ፖሊስ፣ ሸሪፍ ቢሮ የገባች፣ እኔን ማዕረግ ቢያስቀድመኝም ሥራውን ያስተማረችኝ ሴት ናት። ይህንንም በቀን አንዴ ሳታስታውሰኝ አትውልም።

«ዞር በሉ! ፈረስ እንኳን በዚህ መሀል አያልፍም» አለቻቸው። ዞር አሉ።

ፍሊንት ክሮሲንግ ዓመቱን ሙሉ ንፋስ ብቻ የሚጎበኘው የኦክላሆማ ከተማ ነው። ጥቅምት ሲገባ ግን በዓመታዊው የድሮ ተዋንያን በዓል ሳቢያ ሞቴሉ አልጋ ያጣል። እኛ ልጆች ሳለን በቴሌቪዥን ፈረስ ሲጋልቡ፣ ሽፍታ ሲያሳድዱ የነበሩ ተዋንያን ዛሬ ምርኩዝ ይዘው ይመጡና በአዳራሹ ጠረጴዛ ደርድረው ይቀመጣሉ። ሰው ተሰልፎ የጉብዝናቸውን ፎቶ ያስፈርማል። ድዌይን እንዲህ ያለ የተፈረመ ፎቶ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በየዓመቱ በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይዞ፣ ወጪ ገቢውን ሰው ሁሉ እየተረበ የሚውል ሰው ነው።

ሐኪሙ ከአልጋው ቀና አለ። «ከዚህ ማሞቂያ ብረት ጋር ነው የተጋጨው፤ ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር አለ። ወይ ወድቋል፣ ወይ ገፍተውታል።»

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«አይ። ተነስቷል። ፎጣውን አርጥቦ ተኝቷል። ደሙ ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ እሱ ራስ ምታት ነው ብሎታል።»

«ሰው ቢደርስለትስ?»

ሐኪሙ ቦርሳውን ዘጋ። «ሳይድን አይቀርም ነበር» አለ።

ሞት ክፍሉ ውስጥ መግባቱን ማንም አላወቀም፤ ሟቹ ራሱ እንኳ። እንዲህ ያለ ነገር ከጥይት ይልቅ ያበሳጨኛል።

የገንዘብ ሳጥኑ አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ የአልኮል ጠርሙስ፣ በሰማያዊ ቀለም የተነከሩ የጥጥ ኳሶችና ቁልል ፎቶዎች አሉ። ወለሉ ላይ የተቀደደ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀትና ሲባጎ ወድቋል። መጠቅለያው የፍሬም ማዕዘን ቅርጹን እንደያዘ ነው፤ ፍሬሙ ግን የለም።

«ሌባ ከሆነ የዋህ ሌባ ነው» አለች ሮዛሊ። «ብሩን ትቶ ሥዕል ይዞ ይሄዳል?»

ጎረቤቱ ክፍል ያረፈው ሰው የነገረን ጠቀመን። አርብ አመሻሽ ላይ፣ ግቢው ውስጥ የራት ግብዣው ጀምሮ ቫዮሊኑ መሰማት ሲጀምር፣ ግድግዳውን የሚያናጋ ድምፅ ሰምቷል። ከዚያም ድዌይን ሲሳደብ ሰምቷል።

«ምን እያለ?»

«ከእናቴ ፊት የማይደገም ነገር ነው» አለኝ።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ሆነ፦ ሰው ሁሉ ጥብስ ሲበላ ከድዌይን ጋር የነበረው ማነው?

* * *

የመጀመሪያዋን ስም ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ጠራልን። ማርሊን ስታውት ባሏ የሞተባት፣ አዳራሹ ውስጥ ከድዌይን ፊት ለፊት ጠረጴዛ የነበራት ሴት ናት። ሐሙስ ዕለት «እጅህ ይቆረጥ!» ስትለው ግማሹ ከተማ ሰምቷታል።

«ሞተ አሉ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «እግዜር ይማረው። እኔ ግን ይቅር ለማለት ጥቂት ጊዜ እፈልጋለሁ።»

«ምን አድርጎዎት ነው?»

ከመሳቢያዋ አንድ ፎቶ አወጣች። ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ፣ ከግርጌው ሰማያዊ ፊርማ።

«ይሄ የባሌ የጂን ነው። ተዋናዩ በገዛ እጁ ‹ለጂን ስታውት› ብሎ ጽፎለት ነበር። ጂን ሲሞት ቤቱ ጠበበኝና ከነሳጥኑ ለድዌይን ሸጥኩለት። ሐሙስ እዚህ ስመጣ ጠረጴዛው ላይ ተሰቅሏል፤ ፊርማው አለ፣ ጂን ግን የለም! የራሴን ፎቶ መልሼ ገዛሁት።»

«ለምን ያጠፋዋል?»

«ወይ ያንተ ነገር! የማታውቀውን የጂንን ስም ሳሎንህ ትሰቅላለህ? ገዢ ስም አይወድም። ፊርማ ብቻ ሲሆን ዋጋው እጥፍ ነው። ስለዚህ ስሙን ያጥቡታል፤ ነጋዴ ሁሉ ያደርገዋል። ድዌይን ደግሞ እጁ የተባረከ ነበር። ጥጥ በአልኮል ነክሮ፣ የሕፃን አፍ እንደሚጠርግ ሰው ቀስ ብሎ ነው። ፊርማው ላይ ጠብታ አያርፍም።»

«ታዲያ የጂን መሆኑን በምን አወቁ?»

«ወደ መስኮቱ አዘንብለው።»

አዘነበልኩት። ብርሃኑ ፎቶው ላይ ሲጋደም፣ ከፊርማው በላይ ባዶ የመሰለኝ ቦታ ላይ እስክሪብቶ ያረሰው መስመር ብቅ አለ። ቀለሙ የለም፤ ጂን ግን አለ።

«አየኸው?» አለች፣ ድምፅዋ ላላ ብሎ። «ቀለሙን እንጂ ቦታውን ማጠብ አይቻልም። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ ማን ሽጪ አለኝ?»

አፍንጫዋን እስክትጠርግ ጠበቅኋትና አርብ በራት ሰዓት የት እንደነበረች ጠየቅኋት።

«የፖም ፓይ ውድድር ዳኛ ነበርኩ። መድረክ ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ አፌን ሞልቼ። ካላመንክ ሚዛን ላይ ውጪ በለኝና አረጋግጥ።» ከዚያ ጠጋ አለችኝ። «ይልቅ አርብ ከሰዓት እስክሪብቶ የወረወረበትን ሰው ጠይቀው።»

«ማን ነው?»

«ቨርን ካልዳር ነዋ።»

* * *

ቨርን ካልዳርን የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው የለም። የሸሪፍ ምክትል ሆኖ በሠራበት ተከታታይ ድራማ ሳቢያ ነው እኔ ራሴ የሸሪፍ ኮከብ ደረቴ ላይ የለጠፍኩት፤ ደሞዙን ቢነግሩኝ ኖሮ ባልለጠፍኩ። አሁን ሰማንያን አልፏል። ትከሻው ግን ገና በር ይሞላል። ፀጉር አስተካካዩ ሆመር ዮኩም አጠገቡ ተቀምጦ ቡና ይቀዳለታል።

ሆመርን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። የእኔን ፀጉር ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቆርጠው እሱ ነው። ሚስቱ ላቮን በጸደይ ሞታለች። ሁለቱ እነዚህን ሽማግሌ ተዋንያን ለማየት ያልነዱት መንገድ የለም፤ ድዌይንም በአንድ መኪና አብሯቸው ይጓዝ ነበር። ከፊት ላቮንና ሆመር፣ ከኋላ ድዌይንና ስንቁ። ሞቱን ሲሰማ ከማንም በላይ የደነገጠው ሆመር እንደሆነ ነገሩኝ፤ አላስገረመኝም።

«ሚስተር ካልዳር፣ ከድዌይን ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ቁልል ፎቶ አምጥቶ ‹ስም የለም፣ ፊርማ ብቻ› አለኝ። እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ እንዴ? ሰው ይጻፍልኝ ሲል እጽፋለሁ። ለግድግዳ አልፈርምም።»

«እስክሪብቶም ወረወሩበት።»

«ሳትኩት» አለ በቅሬታ። «ድሮ አልስትም ነበር።»

ሳቅኩ። «አርብ በራት ሰዓትስ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው በጭንቀት ዓይኖቹን ወደ ሆመር አዞረ።

«ከእኔ ጋር ነበር» አለ ሆመር። «ጥብሱን አብረን ነው የበላነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«ሆመር ካለ ነው» አለ ካልዳር፣ እፎይ ብሎ።

እኔም ጽፌ ኪሴ ከተትኩት። ሆመር ዮኩም ምላጭ ጉሮሮዬ ላይ ሲያሳርፍ ዓይኔን ጨፍኜ የምሰጠው ሰው ነው፤ ቃሉን እንዴት አልቀበል?

* * *

ከሰዓት በኋላ ሮዛሊ ከወጥ ቤት መጣች፣ የበቆሎ ዳቦ እያኘከች።

«የቴሌቪዥኑ ጀግናህ ዋሽቶሃል» አለችኝ። «የወጥ ቤቷ ሴትዮ አርብ የካልዳርን ራት ክፍሉ ድረስ በትሪ ወስዳለታለች። ጫማውን ሳያወልቅ ተኝቶ ነው ያገኘችው። ራት ላይ አልነበረም።»

«ከትሪው በኋላ ሊነሳ ይችላል።»

«ይችላል። የድዌይን ክፍል ደግሞ ከእሱ ክፍል ጎን ነው።»

ሆመርን አዳራሹ ውስጥ አገኘሁት። ለእሑዱ መታሰቢያ ረጅሙን ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ እያለበሰ ነው። በዚህ በዓል ልማድ፣ በዓመቱ የሞቱ ተዋንያንና አድናቂዎች ፎቶ ወይም ይወዱት የነበረ ዕቃ እዚያ ይደረደራል። እሑድ ጠዋት የቅርብ ሰው ተነስቶ የሟቹን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ሌላ ንግግር የለም፣ ስሙ ብቻ።

«ሚስተር ሆመር፣ ካልዳር ራት ላይ አልነበሩም።»

የጨርቁን ጫፍ ሳበ።

«ለምን ዋሹኝ?»

«ቨርንን አትንኩት፣ ኤልዲን። ዝንብ እንኳን አይገድልም።»

«ታዲያ የሚያውቁትን ንገሩኛ!»

«ነገ እነግርሃለሁ። የላቮን ስም ከተጠራ በኋላ። እስከዚያ ተወኝ፣ እባክህ።»

የእድሜ ልክ ወዳጁን ሊሸፍን ነው ብዬ አዘንኩለት። አሳዝኖኝም ሄድኩ፤ የሄድኩት ግን ወደ ካልዳር ነው።

ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

«ቨርን ካልዳር እባላለሁ። አንተስ ማነህ ልጄ?»

ጠዋት ለረጅም ጊዜ አውርተን ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ማንነቴን ዳግመኛ ነገርኩት።

«እንግዲህ ይኸው ነው» አለ ጣራውን እያየ። «የድሮውን ሁሉ ከነፈረሱ ስም እነግርሃለሁ። ትናንት ግን የለኝም። ሆመር ነው ማታ ማታ የዋልኩበትን የሚነግረኝ። ለማንም አልነገረብኝም፤ የበዓሉ አዘጋጆች ካወቁ ጠረጴዛውን ይወስዱብኛል ብሎ።»

«ድዌይንን ገፍተውታል?»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ፊቱን ማየት ከበደኝ።

«ሰውዬው ላይ ተናድጄ ነበር ትሉኛላችሁ። ክፍሌ ከክፍሉ ጎን ነው ትሉኛላችሁ። አልገደልኩም ብዬ ብምል ደስ ባለኝ፣ ልጄ። ግን የማላስታውሰውን እንዴት እምላለሁ? አድርጌው ከሆነ ውሰዱኝ፤ ሽሽት ከእኔ አይጠበቅም።»

በሥራዬ ብዙ ክደው የማሉ ሰዎች አይቻለሁ። ንጹሕነቱን ማስታወስ ያቃተው ሰው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኮሪደር ላይ ሮዛሊን «እሑድ ከመታሰቢያው በኋላ እንወስደዋለን» አልኳት። እሷም የልጅነት ጀግናዋ ነበርና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

* * *

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ የጠራው እሑድ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያን ልብስ በለበሰ ሕዝብ መሀል ነው።

መርሐ ግብሩ እስኪጀመር ፎቶዎቹን እየተዟዟርኩ አያለሁ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የላቮን መታሰቢያ ተቀምጧል፦ ወጣቱ ካልዳር በግራጫ ፈረስ ላይ፣ አዲስ የእንጨት ፍሬም ውስጥ። ከታች ሰማያዊ ፊርማ፣ ከፊርማው በላይ ባዶ ቦታ።

«ይሄን ላቮን ለሰው ሁሉ ነበር የምታሳየው» አለች ከጎኔ የቆመች አንዲት አሮጊት። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ግራ ገባት። «ግን … ስሟ ነበረበት እኮ።»

ፍሬሙን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ብርሃኑ ተጋደመ። ባዶው ቦታ ላይ ብዕሩ ያረሰው መስመር ተነሳ፦ «ለላቮን፣ ከእኛ ሁሉ ርቃ ለጋለበችው።»

የፍሬሙ ማዕዘን ወለሉ ላይ ካገኘነው ቡናማ ወረቀት ቅርጽ ጋር አንድ ነው። ሮዛሊም አየችው። እርስ በርስ ተያየን።

ለካ ቅዳሜ ጠዋት ሆመር «አብረን ነበርን» ሲለኝ፣ ለካልዳር የሰጠው ምስክርነት ለራሱም ምስክር ሆኖታል። እኔ ጅሉ ካልዳር የት እንደነበረ ጠየቅኩ እንጂ ሆመር የት እንደነበረ ማንንም አልጠየቅኩም።

ቀና ስል ሆመር ከፊት ወንበር ሆኖ ያየኛል። አልሸሸም፣ ዓይኑንም አልሰበረም። ፍሬሙን ወደ ቦታው መለስኩትና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሮዛሊ በሩ ጋ ሄደች።

ስሞቹ ተጠሩ። አንዱ ተነስቶ አባቱን ጠራ፣ ሌላዋ እህቷን። ሆመር ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ።

«ላቮን ዮኩም» አለ።

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሰው ሲበተን እሱ ራሱ ወደ እኔ መጣ።

«ፍሬም ውስጥ አስገባልኝ ብዬ ነው ለድዌይን የሰጠሁት» አለኝ። «ለዛሬ እንዲደርስ። አርብ፣ ሰው ራት ሲጀምር፣ ልወስደው ገባሁ። ወረቀቱን ቀደድኩ። ስሟ የለም።»

«ምን አለዎት?»

«ሳቀ። ደስ ብሎት ነው የሳቀው፣ ኤልዲን። ‹አጥቤልሃለሁ፣ ነጋዴ ሲያየው ምራቁ ይንጠባጠባል፤ የእጄን ዋጋ አልጠይቅህም› አለኝ። ሚስቱ የሞተችበት ሁሉ ስብስቡን ለእሱ ይሸጥለታል። እኔም ልሸጥ መስሎት ነው። በእሱ ቤት ስጦታ መስጠቱ ነበር። ገፋሁት። ወደቀ። ወዲያው ተነስቶ ዘር ማንዘሬን ሰደበኝ። ድዌይን ከተሳደበ ደህና ነው አልኩና ፎቶዬን ይዤ ወጣሁ።»

«ቅዳሜ ጠዋት መሞቱን ሲነግሩዎትስ?»

«ያኔውኑ ልመጣ ነበር። ግን ዛሬን ማን ይጠራታል? ልጅ የለን፣ ወንድም የላት። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው። ቨርን ደግሞ ስትጠይቀው ሲጨነቅ አይቼ ያን ቃል ጣል አደረግኩለት። በእኔ ፈንታ እሱን ትጠረጥራላችሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ትናንት ማታ ‹ሆመር፣ ሰው ገድያለሁ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«አልገደልክም አልኩት። ይሄን ብቻ ነው በትክክል ያደረግሁት።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ተመልሼ አይቼው ቢሆን ኖሮ፣ ይድን ነበር?»

ሐኪሙ ያለውን አልነገርኩትም። መዋሸትም ግን አልቻልኩም፤ ፊቴን ወደ ጠረጴዛው ሳዞር ሆመር አወቀ። እዚያው ቆሞ አለቀሰ፣ ፊቱን ሳይሸፍን። እንዲህ ከምይዝ ሰውን በቁጣ ብይዝ ይሻለኛል።

ፍሬሙን በአንድ እጄ፣ ክንዱን በሌላው ይዤ ስንወጣ በካልዳር ጠረጴዛ አጠገብ አለፍን። ሽማግሌው ፎቶውን አየ።

«የእኔ ነው እኮ ይሄ! ስም ግን የለውም። አምጣው፣ ልጻፍበት።» እስክሪብቶውን አነሳ።

«አይቻልም፣ ሚስተር ካልዳር» አልኩት። «ማስረጃ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይነካውም።»

ይህን ስል ሆመር ፍሬሙን ዘወር ብሎ አየው። ካልዳር ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም፤ ከፊቱ ካለው ቁልል አንድ አዲስ ፎቶ ሳበ።

«እንግዲያው በሌላ እጽፍልሃለሁ፣ ሆመር። ማን ብዬ ልጻፍ?»

እኔና ሮዛሊ የሚጠራውን ስም ያወቅን መስሎን ጠበቅን። ሆመር ዓይኑን ጠረገ።

«ለድዌይን በለው» አለ።

ካልዳር ቀና ብሎ አየው።

«ለድዌይን ፐርሰል። ስንት ዓመት አብሮኝ ተሰልፎ፣ አንድ ቀን የራሱን ስም አስጽፎ አያውቅም። እህቱ ነገ አስከሬኑን ልትወስድ ትመጣለች። እሷ ትያዝለት።»

ሽማግሌው መጻፍ ጀመረ። መሀል ላይ ብዕሩ ቆመ።

«ለማን ነው ያልከኝ?»

«ለድዌይን» አለ ሆመር፣ ሳይሰለች።

ጥቂት ጽፎ እንደገና ቆመ፤ ሆመር እንደገና ነገረው። ሲጨርስ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበትና ለሮዛሊ ሰጣት።

«ይሄ ድዌይን ምንህ ነው?» ብሎ ሆመርን ጠየቀው።

«ጓደኛዬ ነው» አለ ሆመር።